የሕፃናት የተረት ሰዓት በቤተ መጻሕፍት

በአገራችን የተረት ጊዜው ማታ ነበር። ከብት ከገባ፣ እራት ከተበላ በኋላ ልጆች በምድጃው ዙሪያ ይሰበሰባሉ። አያት «ተረት ተረት» ብለው ሲጀምሩ ልጆቹ በአንድ ድምፅ ይቀበላሉ፤ ከዚያ በኋላ ጦጣና አንበሳ፣ ጅብና አህያ በየተራቸው ይመጣሉ። ተረቱ ሲያልቅ ሕፃኑ ተንኰል ምን እንደሚያመጣ፣ ትዕግሥትም ምን እንደሚያተርፍ ማንም ሳይቆጣው ተምሮ ይተኛል። ይህ ትምህርት ቤት ዳይሬክተርም፣ በጀትም፣ ደወልም አልነበረውም፤ ሆኖም ብዙ ትውልድ አሳድጓል።

ዛሬ ግን አያት በገጠር፣ የልጅ ልጅ በከተማ የሚኖርበት ቤተ ሰብ ብዙ ነው። አባትና እናትም ከሥራ የሚመለሱት መሽቶ ነው። ስለዚህ «ተረቱን ማን ይንገር?» የሚለው ጥያቄ የአንድ ቤት ጥያቄ መሆኑ ቀርቶ የሕዝብ ጥያቄ ሆኗል። በሌላ አገርም ይኸው ጥያቄ ከመቶ ዓመት በፊት ተነሥቶ ነበርና እንዴት እንደ ተመለሰ መመርመር ይጠቅማል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ በእኛ አቆጣጠር መሆናቸው ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩን እንዳስብበት ያደረገኝ አንድ ትንሽ አጋጣሚ ነው። አንድ ቅዳሜ የአምስት ዓመት ልጄን ይዤ ወደ አንድ የንባብ ቤት ሄድሁ። ዘበኛው በትሕትና «ጋሼ፣ እርስዎ ይግቡ፤ ልጅ ግን አይፈቀድም፤ ትረብሻለች» አለኝ። ሰውዬው የታዘዘውን ስለ ፈጸመ አልተቀየምሁትም። ልጄ ግን በመንገድ ላይ «አባዬ፣ መጻሕፍቱ ተኝተዋል እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። የምመልስላት አጣሁ።

ኋላ ሳነብ እንደ ተረዳሁት፣ ከደጅ የተመለስነው እኛ ብቻ አይደለንም። በአሜሪካ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ብዙዎቹ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ዕድሜው ከ12 ወይም ከ14 ዓመት በታች የሆነ ልጅ አያስገቡም ነበር። ቤተ መጻሕፍት የሊቃውንትና የጸጥታ ስፍራ ነው ተብሎ ይታመን ነበርና ልጅ መጽሐፍ ያቆሽሻል፣ ጸጥታም ያደፈርሳል ተብሎ ይፈራ ነበር። ነገር ግን የፋብሪካ ሥራ ከአውሮፓ የሚፈልሰውን ሕዝብ ወደ ታላላቆቹ ከተሞች በሳበ ጊዜ የስደተኞቹ ልጆች መንገዱን ሞሉት። እነዚህ ልጆች የአያቶቻቸውን መንደር ትተው የመጡ፣ የአዲሱንም አገር ቋንቋ ገና ያልለመዱ ነበሩ። በዚህ ጊዜ አንዳንድ አስተዋዮች «በሩን ዘግተን የምንጠብቀው መጽሐፍ ነገ ማን ያነበዋል?» ወደሚለው አሳብ ደረሱ።

በ1896 በዚያን ጊዜ በኒው ዮርክ አጠገብ ትገኝ በነበረችው በብሩክሊን የፕራት ኢንስቲትዩት ቤተ መጻሕፍት አዲስ ሕንፃ ሲከፈት፣ ከፕላኑ ጀምሮ ለልጆች የታሰበ ክፍል ነበረው። ክፍሉን እንዲመሩ የተሾሙት ወይዘሪት አን ካሮል ሙር የተባሉት የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ናቸው። ጠረጴዛውና ወንበሩ በልጅ ቁመት ልክ ተሠራ፤ መደርደሪያውም የትንሽ ልጅ እጅ በሚደርስበት ስፍራ ቆመ። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ትርጕሙ ግን ትልቅ ነው፤ ልጁ እንግዳ መሆኑ ቀርቶ ባለ ቤት መሆኑ የታወቀው በዚህ ነውና። ወይዘሪት ሙር በ1906 ወደ ኒው ዮርክ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ተዛውረው የልጆችን ክፍል ሥራ ሁሉ ይመሩ ጀመር፤ በ1911ም ታላቁ ሕንፃ ሲከፈት የልጆች ክፍል አብሮ ተከፈተ።

ወንበርና መደርደሪያ ግን ብቻውን ልጅን አንባቢ አያደርገውም። ፊደል ያልቈጠረ ሕፃን መጽሐፍን የሚወደው በሰው ድምፅ በኩል ነው። ይህን ለአሜሪካ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች በግልጽ ያሳዩት እንግሊዛዊቷ መምህርት ወይዘሪት ማሪ ሼድሎክ ናቸው። እኒህ ሴት በ1900 ወደ አሜሪካ ተሻግረው ከከተማ ወደ ከተማ እየተዘዋወሩ የዴንማርኩን ደራሲ የሃንስ ክርስቲያን አንደርሰንን ተረቶች በቃል ይናገሩ ነበር። ተረት መናገር በልምምድ የሚገኝ ጥበብ መሆኑንም ያስተምሩ ነበር፤ ስለዚሁ ጥበብ የጻፉት መጽሐፍ በ1915 ታትሟል። ከዚህ በኋላ በልዩ ልዩ ከተሞች በሳምንቱ ውስጥ የታወቀ ቀንና ሰዓት እየተቈረጠ «የተረት ሰዓት» መደበኛ ሥራ ሆነ።

በኒው ዮርክ የተረት ሰዓት አንድ ደስ የሚል ልማድ ነበረ። ተራኪዋ ከመጀመሯ በፊት ሻማ ትለኵሳለች፤ ተረቱ ሲያልቅ ልጆቹ በልባቸው የሚመኙትን ተመኝተው ሻማውን ያጠፉታል። እኔ ይህን ባነበብሁ ጊዜ የአያቴ ምድጃ ትዝ አለኝ። በዚያ ሰፊ ከተማ የስደተኛ ልጆችን ለመሰብሰብ የተፈለገው ያው ጥቂት ብርሃንና አንድ የሚታመን ድምፅ ነበር።

ከተረቱ ጋር ዛሬ የሚሠራው የእጅ ሥራ ደግሞ የመጣው በሌላ መንገድ ነው። ጀርመናዊው መምህር ፍሪድሪክ ፍሮቤል በ1837 ባድ ብላንከንቡርግ በምትባል ከተማ ለሕፃናት የሚሆን ትምህርት ቤት ከፈተ፤ በ1840ም «ኪንደርጋርተን» ማለት «የሕፃናት አትክልት ስፍራ» ብሎ ሰየመው። ፍሮቤል ሕፃን በጆሮው ብቻ ሳይሆን በእጁም ይማራል ብሎ ስላመነ ወረቀት ማጠፍን፣ መቍረጥን፣ መጐንጐንን፣ መሣልን፣ በጭቃ ቅርጽ ማውጣትን በትምህርቱ ውስጥ አገባ። በጣት የሚጫወቱትንም መዝሙር በ1844 አሳተመ። የፕሩስያ መንግሥት በ1851 እነዚህን ትምህርት ቤቶች ከልክሎ ነበር፤ አሳቡ ግን ከተማሪዎቹ ጋር ባሕር ተሻገረ።

የመጀመሪያው የተረት ሰዓት ማንበብ ለጀመሩ ልጆች የታሰበ ነበርና ተራኪዋ መጽሐፍ ሳትይዝ ረዘም ያለ ተረት በቃሏ ትናገር ነበር። በ1930ዎቹ ዓመታት ግን እንደ ዲትሮይት ባሉ ከተሞች ትምህርት ቤት ላልገቡ ሕፃናት «የሥዕል መጽሐፍ ሰዓት» ተጀመረ። የሦስትና የአራት ዓመት ሕፃን ረጅም ተረት ተቀምጦ አይሰማም፤ በጆሮው የሰማውንም በዓይኑ ማየት ይፈልጋል። ስለዚህ አንባቢዋ መጽሐፉን ወደ ልጆቹ አዙራ ሥዕሉን እያሳየች ማንበብ ነበረባት። የጣት ጨዋታው፣ መዝሙሩና የእጅ ሥራውም ከዚህ ሰዓት ጋር የተጋጠሙት ቀስ በቀስ ነው።

ከዚህ ልምድ የተገኘው አሠራር በአጭሩ እንዲህ ነው። አስቀድሞ አንድ ርእስ ይመረጣል፤ ለምሳሌ «ዝናም» ወይም «የቤት እንስሳት»። በርእሱ ላይ ሁለት ወይም ሦስት መጻሕፍት ይዘጋጃሉ። የልጆቹ አሳብ ሳይደክም ረዘም ያለው መጀመሪያ፣ አጭሩ በመጨረሻ ይነበባል። በመካከሉ ልጆቹ ተነሥተው እጃቸውንና እግራቸውን የሚያንቀሳቅሱበት ጨዋታ ይገባል። ከዚያ በኋላ ከተረቱ ጋር የተያያዘ ቀላል የእጅ ሥራ ይሠራል። ሰዓቱ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት መዝሙር ተጀምሮ በአንድ ዓይነት ሰላምታ ያልቃል፤ ሕፃን የሚያውቀው ነገር ሲደገምለት ልቡ ይረጋልና። ይህን ሁሉ ማሰናዳት ከንባቡ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል፤ ሳይዘጋጁ የገቡበት የተረት ሰዓት ግን በግማሹ ይበተናል።

በእጅ ሥራው በኩል አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ይባላል፤ እውነትም አይበቃም። ነገር ግን እዚህ የሚፈለገው እራት ሳይሆን ማቡካቱ ነው። አስተማሪው ራሱ ያሳመረውን በሬ ልጁ ይዞ ቢገባ ወላጅ ይደሰት ይሆናል፤ ልጁ ግን ምንም አልሠራም። እግሩ የተጣመመ፣ ቀንዱ አንድ ብቻ የሆነ የጭቃ በሬ ቢሆንም፣ ልጁ በገዛ እጁ ከሠራው ተረቱን እስከ ቤቱ ይዞለት ይሄዳል።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ሥርዓቱ ነው። ሥርዓቱ ቢሟላም «የማን ተረት? በየትኛው ቋንቋ?» የሚለው ጥያቄ ይቀራል። ይህን ጥያቄ በሥራ የመለሱት ከፖርቶ ሪኮ ደሴት የመጡት ፑራ ቤልፕሬ ናቸው። እኒህ ሴት በ1921 በኒው ዮርክ፣ በሐርለም ሰፈር፣ በ135ኛው መንገድ በሚገኘው ቅርንጫፍ ቤተ መጻሕፍት ሥራ ጀመሩ። በመደርደሪያው ላይ የብዙ አገር ተረት ተደርድሮ ሲያገኙ፣ እርሳቸው በልጅነታቸው የሰሙት የአገራቸው ተረት ግን አንድም አልነበረም። አያታቸው ያጫወቷቸውን የማርቲናን የበረሮዋንና የፔሬዝን የአይጡን ተረት በቃላቸው መናገር ያዙ፤ ፔሬዝ ድስት ውስጥ ወድቆ የሚሞትበት፣ የሚያስቅም የሚያሳዝንም ተረት ነው። በ1932 ይኸው ተረት በመጽሐፍ ታተመ።

በ1929 የፖርቶ ሪኮ ሰዎች ወደ በዙበት ወደ 115ኛው መንገድ ቅርንጫፍ ተዛውረው የተረቱን ሰዓት በስፓኒሽም በእንግሊዝኛም ያካሂዱ ጀመር። ልጆቹ በቤታቸው የሚያውቁትን የሦስቱን ነገሥታት በዓል በቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ እንዲከበር አደረጉ። በኋላም አሻንጉሊት እየሠሩ ተረቱን በአሻንጉሊት ጨዋታ ያሳዩ ነበር። እንግሊዝኛ አላውቅም ብላ ከደጅ ትመለስ የነበረች እናት ልጇን ይዛ የምትገባበት ምክንያት ያገኘችው በዚህ ነው። ፑራ ቤልፕሬ በ1982 ዐረፉ፤ ከ1996 ጀምሮም በስማቸው ለሕፃናት መጻሕፍት ደራስያንና ሠዓልያን ሽልማት ይሰጣል።

ይህ ታሪክ ወደ እኛም ይደርሳል። አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በአሜሪካ በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ሲሠሩ በአማርኛ የተጻፈ የሕፃናት መጽሐፍ ፈልገው አጡ። የሌላው አገር ልጅ የራሱን ቋንቋ በመደርደሪያው ላይ ሲያገኝ የኢትዮጵያዊው ልጅ ስፍራ ባዶ ነበር። እርሳቸውም ስለ ሞኙ ማሞ የሚነገረውን የአገራችንን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ አዘጋጅተው በ2002 አሳተሙ፤ ልጅነቷን በኢትዮጵያ ካሳለፈችው ከአሜሪካዊቷ ደራሲት ከጄን ከርትዝ ጋር «ኢትዮጵያ ሪድስ» በሚባል ድርጅት ተባብረው በ2003 በአዲስ አበባ፣ በሾላ አካባቢ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ተከፈተ። በሐዋሳም መጻሕፍት በአህያ ጋሪ ተጭነው ወደ ልጆቹ ይወሰዱ ነበር።

ከዚያ በፊትም ቢሆን ድምፅ አላጣንም ነበር። በእኛ አቆጣጠር በ1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሲቋቋም የልጆችን ፕሮግራም የያዙት አቶ ተስፋዬ ሣህሉ፣ ሁላችንም «አባባ ተስፋዬ» የምንላቸው፣ አርባ ዓመት ያህል ተረት ሲነግሩን ኖረዋል። ቴሌቪዥን ያለው ጎረቤት ቤት ልጆች እየተጠራሩ የሚሰበሰቡት እርሳቸውን ለመስማት ነበር። ይሁን እንጂ ቴሌቪዥን ይናገራል እንጂ አይሰማም፤ በጭቃ የተሠራውን በሬም አያይም። ልጁ ጠይቆ መልስ የሚያገኝበት ስፍራ ከሰው ፊት ነው።

እንግዲህ ርእስ ከየት እናምጣ? ከዓመቱ በዓላት መጀመር ይቻላል። በዕንቍጣጣሽ ወንዶች ልጆች አበባና ፀሐይ ሥለው ለጎረቤት ሲሰጡ፣ ሴቶች ልጆች አበባ ይዘው ሲዘፍኑ፣ በቡሄ ጅራፍ ሲገመድ፣ እረኛውም ጭቃ አድቦልቡሎ ከብት ሲሠራ ፍሮቤልን ያነበበ አልነበረም። የእጅ ሥራውም ተረቱም በእጃችን ነበሩ። የጐደለው በአንድ ስፍራ፣ በታወቀ ሰዓት፣ በተዘጋጀ ሰው እጅ ማገናኘቱ ነው። ሰፊው አገራችን ብዙ ቋንቋ ያለው ስለ ሆነም፣ በየአካባቢው ልጁ በአፍ በፈታበት ቋንቋ የሚናገር ተራኪ መፈለግ ይገባል፤ ከፑራ ቤልፕሬ ሥራ የምንማረው ዋናው ነገር ይኸው ነው።

ታላቅ ሕንፃ እስኪሠራ መጠበቅ አያስፈልግም። አንድ ምንጣፍ፣ ጥቂት ሥዕል ያላቸው መጻሕፍት፣ የተመለሰ ወረቀትና ጭቃ፣ በሳምንትም አንድ ሰዓት ይበቃል። ጡረታ የወጡ መምህራን፣ ተረት የሚያውቁ አያቶች በየሰፈሩ አሉ፤ የሚጠራቸው ግን የለም። የንባብ ቤት ኀላፊዎች ቅዳሜ ጧት አንዱን ክፍል ለሕፃናት ቢፈቅዱ አንባቢው በሌላው ክፍል ጸጥታውን አያጣም።

እኔም ቢሆን እስከዚያ ድረስ ዝም ብዬ አልተቀመጥሁም። ቅዳሜ ከቀትር በኋላ የጎረቤት ልጆች በደጃችን ይሰበሰባሉ፤ እናቴ ከገጠር ስትመጣ ተረቱን እርሷ ትነግራለች፤ በሌለችበት ቀን እኔ አነባለሁ፤ ጭቃውን ግን የምታቦካው ልጄ ናት። የንባብ ቤቱ በር ለእርሷ የተከፈተ ዕለት መጻሕፍቱ ተኝተው እንደ ነበር ወይም እንዳልነበር ራሷ ገብታ ታየዋለች።