ከሂማላያ ማዶ የተጠበቁት የሕንድ መጻሕፍት

በቲቤት ደጋ፣ ከላሳ ከተማ በስተምዕራብ፣ ሳክያ፣ ሻሉና ንጎር የተባሉ የታወቁ የቡድሃ ሃይማኖት ገዳማት ይገኛሉ። ሳክያ በ1073 ዓ.ም. (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፣ ንጎር ደግሞ በ1429 ተመሠረቱ፤ ሻሉም ከ11ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የነበረ ነው። ሕንዳዊው ሊቅ ራሁል ሳንክሪትያያን (1893–1963) በነዚህ ገዳማት ያገኘው ሀብት፣ የአንድ ሕዝብ መጽሐፍ በሌላ ሕዝብ እጅ እንዴት ሊጠበቅ እንደሚችል በግልጽ ያስረዳል።

በሕንድ አገር ናላንዳና ቪክራማሺላ የተባሉት ታላላቅ የትምህርት ገዳማት በ1200 ዓ.ም. ገደማ በጦርነት ጠፉ። ከዚያ የተረፉት መምህራን ከፊሎቹ ወደ ተራራው አገር ተሻገሩ። ከነዚህም አንዱ በ1204 ቲቤት የገባው የካሽሚሩ ሊቅ ሻክያሽሪባድራ ነው። መጻሕፍቱ የተጻፉት በዘንባባ ቅጠል ላይ ነበር። እንዲህ ያለው ጽሑፍ በሕንድ ሙቀትና እርጥበት ፈጥኖ ይበሰብሳል፤ በቲቤት ብርድና ደረቅ አየር ግን ዘመናትን ይሻገራል።

ይሁን እንጂ መጻሕፍቱን ያቆየው አየሩ ብቻ አይደለም። የቲቤት ሊቃውንት ከ8ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የሳንስክሪትን መጻሕፍት ወደ ቋንቋቸው ሲመልሱ ቆይተዋል። ትርጉሙ ከተፈጸመ በኋላ መነኮሳቱ የሚማሩት በትርጉሙ ስለሆነ፣ ሳንስክሪትን የሚያነብ እየጠፋ ሄደ። ዋናው መጽሐፍ ግን አልተጣለም፤ እንደ ቅዱስ ንዋይ ተከብሮ፣ ተጠቅልሎ በዕቃ ቤት ተቀመጠ። እጅ ስላልበዛበትም ሳይጎዳ ቆየ።

ራሁል በ1929 ማንነቱን ሰውሮ በኔፓል በኩል ቲቤት ገባ። ከዚህ ጉዞው ብዙ የቲቤት መጻሕፍት በበቅሎ አስጭኖ ወደ ሕንድ ተመለሰ፤ በፓትና ቤተ መዘክርም ተቀመጡ። በ1934፣ በ1936ና በ1938 ዳግመኛ ሲሄድ ግን ዋና ፍለጋው የሳንስክሪት መጻሕፍት ሆነ። በሳክያ ለብዙ ጊዜ ተዘግቶ የኖረ ክፍል ተከፍቶለት የዘንባባ ቅጠል ጽሑፎችን አገኘ። የቫሱባንዱ «አቢዳርማኮሻባሽያ» ሳንስክሪቱ እንደ ጠፋ ተቆጥሮ በቻይናና በቲቤት ትርጉም ብቻ ይታወቅ ነበር፤ ዋናው ጽሑፍ ከንጎር ተገኝቶ በ1967 በፓትና ታተመ።

ራሁል ከነዚህ የዘንባባ መጻሕፍት የብዙዎቹን ፎቶግራፍ እያነሣ፣ አንዳንዱንም በእጅ እየገለበጠ፣ ዋናዎቹን በገዳማቱ ተወ። ፎቶግራፎቹ ብዙዎቹ ደብዛዛ ስለሆኑ ሊቃውንትን አስቸግረዋል። ቢሆንም በ1960ዎቹ የንጎር ገዳምና የሳክያ ሰሜናዊ ክፍል በፈረሱ ጊዜ፣ የነዚህ ግልባጮች ዋጋ ይበልጥ ታወቀ። በሌላ በኩል፣ ደቡባዊው የሳክያ ገዳም ከነመጻሕፍቱ ተርፏል። ስለዚህ መጽሐፍ የሚድነው ከባለቤቱ እጅ ሲወጣ ብቻ ነው ማለት አይቻልም።

በታሪክ ጽሑፍ ውስጥ «አገኘ» የሚባለው ብዙ ጊዜ ከሩቅ የመጣው ተመራማሪ ነው። ነገር ግን ራሁል ከመድረሱ በፊት ሰባት መቶ ዓመት ያህል፣ የማያነቡትን ጽሑፍ ጠቅልለው ለተተኪዎቻቸው ያስረከቡ መነኮሳት ነበሩ። መጽሐፉን ያነበበው ሊቅ የሚመሰገነውን ያህል፣ ሳያነብ የጠበቀውም መነኩሴ የታሪክ ድርሻው ሊሰጠው ይገባል።