ከደሞዝ ተቆርጦ የቆመ ሬዲዮ

ቦሊቪያ ውስጥ ጄኔራሎች በገዙበት ዘመን፣ ወደ ማዕድን ሠፈሮች የሚዘምተው ጦር አስቀድሞ የሚከበው ቤት የታወቀ ነበር፤ የሠራተኛ ማኅበሩ ሬዲዮ ጣቢያ። በ1965፣ በ1967፣ በ1975 እና በ1980 የሆነው ይኸው ነው። ማሰራጫው ይሰባበራል ወይም ተነቅሎ ይወሰዳል፤ ጋዜጠኞቹ ይታሰራሉ ወይም ይሰደዳሉ። ጦሩ ሲወጣ ሠራተኞቹ እንደገና ያዋጣሉ፣ ሌላ ማሰራጫ ይገዛሉ፣ ጣቢያውም ተመልሶ ይናገራል። ድሃ ሠራተኛ ራሱ አቋቁሞ፣ ራሱ ከፍሎ፣ ራሱ የተናገረበት እንዲህ ያለ የሬዲዮ መረብ ለአርባ ዓመት ያህል የኖረበት ሌላ አገር መጥቀስ ያስቸግራል።

(በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የቲን ተራሮች

ታሪኩ የሚጀምረው ከቲን ነው። የምግብ ጣሳ የሚለበጥበትና የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚበየድበት ይህ ማዕድን በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ የቦሊቪያ የውጭ ንግድ ዋልታ ነበር። ሀብቱን የያዙት ሦስት ቤቶች ናቸው፤ ፓቲኞ፣ ሆክሺልድና አራማዮ። ሲሞን ፓቲኞ በዘመናቸው ከዓለም ባለጠጎች ተርታ የተሰለፉት በፖቶሲ ግዛት በያያግዋ ዙሪያ ካሉት ተራሮች በወጣ ቲን ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 4,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ፣ ውርጭ በሚያንገበግበው ሠፈር የሚኖረው ቆፋሪ ግን የሚያድረው በኩባንያው ቤት፣ የሚሸምተው ከኩባንያው መደብር ነበር። የድንጋዩ ብናኝ ሳንባውን ስለሚጨርሰው ሽበት ሳያይ የሚሞተው ብዙ ነው።

ዲሴምበር 21 ቀን 1942 ካታቪ በተባለው የማዕድን ሠፈር የደሞዝ ጭማሪ ጠይቀው በተሰለፉ ሠራተኞችና ቤተሰቦቻቸው ላይ ጦሩ ተኮሰ። ከሟቾቹ መካከል ባንዲራ ይዘው ከፊት የነበሩት ማሪያ ባርዞላ ይገኙበታል፤ ሜዳውም በስማቸው ተጠራ። በኤፕሪል 1952 በተነሣው አብዮት ማዕድን ቆፋሪዎች ዲናሚታቸውን ይዘው ከጦሩ ጋር ተዋጉ፤ አሸነፉም። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 31 ቀን የሦስቱ ባለጠጎች ማዕድን የመንግሥት ንብረት መሆኑ የታወጀው በዚያው በማሪያ ባርዞላ ሜዳ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ጣቢያዎች ከአብዮቱ ጥቂት ቀደም ብለው፣ በ1940ዎቹ መጨረሻ ብቅ ብለው ነበር። ከ1952 በኋላ ግን በየሠፈሩ ተስፋፉ። በሲግሎ ቬይንቴ "የማዕድን ቆፋሪው ድምፅ"፣ በካታቪ የእልቂቱን ዕለት ስም የያዘው "ዲሴምበር 21"፣ በዋኑኒ "ናሲዮናል ዴ ዋኑኒ" ተቋቋሙ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ቁጥራቸው ከ20 በላይ ደርሷል።

በሩ ክፍት የሆነ ጣቢያ

ገንዘቡ የሚመጣው ከሠራተኛው ኪስ ነው። ቆፋሪዎቹ በማኅበራቸው ስብሰባ እጅ አውጥተው እየወሰኑ ለሬዲዮአቸው ከደሞዛቸው ያስቆርጡ ነበር፤ የአንድ ቀን ደሞዝ እስከ መስጠት የደረሱበት ቦታም አለ። ስለዚህ ጣቢያው ማስታወቂያ ፍለጋ የነጋዴ ደጅ አይጠናም፤ ከሚኒስቴር የሚጠብቀው በጀትም የለውም። ተጠሪነቱ ለከፋዩ ነው፤ ከፋዩ ደግሞ ማታ ከጉድጓድ ወጥቶ ያንኑ ሬዲዮ የሚከፍተው ሰው ነው።

ጋዜጠኞቹ ራሳቸው ከማዕድን ሠፈር የወጡ ነበሩ፤ ሙያውንም የተማሩት አብዛኞቹ እዚያው ማይክሮፎኑ ፊት ተቀምጠው ነው። በመደብሩ ሥጋ ጠፋ፣ ዋጋ ናረ ብላ የተቆጣች እናት ገብታ ብሶቷን በራሷ አንደበት ታሰማለች። ልጅ የጠፋበት ያስነግራል። ሌላ ሠፈር ላለ ዘመድ መልእክት የሚላከው በሬዲዮ ነው። እግር ኳስ ይተላለፋል፤ ዜናውና ሙዚቃው በስፓኒሽም በኬችዋም ይሰማል። የማኅበሩ ጉባኤ በቀጥታ ሲተላለፍ መሪው ያለውንና ተቃዋሚው የመለሰለትን ቤት የቀረው ሁሉ ይሰማል። በአዳራሽ አንድ ነገር ተናግሮ በድርድር ጠረጴዛ ሌላ የሚፈርም መሪ ካለ የሚያጋልጠው አያጣም። በአዘቦት ቀን የልጅ መጥፋትንና የሥጋ መወደድን ያሰማ ጣቢያ በክፉ ቀን "ጦር መጣ" ሲል የሚጠራጠረው ሰው አልነበረም።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የሬዲዮ ፒዮ 12ኛን ያህል መንገዱን የቀየረ የለም። ይህን ጣቢያ በ1959 ሲግሎ ቬይንቴ ላይ ያቋቋሙት ኦብላት የሚባለው የካቶሊክ ማኅበር ካህናት ናቸው፤ ከዓላማቸው አንዱ በሠፈሩ የገነነውን ኮሚኒዝም መዋጋት ነበር። የካህናቱና የማኅበሩ ጣቢያ በአየር ላይ ይወራረፉ ጀመር። ካህናቱ ግን እዚያው ከሕዝቡ ጋር ኖሩ፤ ሕመሙንም፣ ረሃቡንም፣ እስሩንም በዓይናቸው አዩ። በ1960ዎቹ አጋማሽ፣ አባ ግሪጎሪዮ ኢሪያርቴ ጣቢያውን በሚመሩበት ዘመን፣ ፒዮ 12ኛ ከሠራተኛው ጎን ቆመ። ከዚያ ወዲህ ጦሩ በመጣ ቁጥር የካህናቱም ማሰራጫ ከዱላው አላመለጠም።

የቅዱስ ዮሐንስ ሌሊት

በ1964 በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን የያዘው የጄኔራል ሬኔ ባሪየንቶስ መንግሥት በ1965 የቆፋሪዎቹን ደሞዝ በግማሽ ያህል ቆረጠ፤ የማኅበር መሪዎችን ከአገር አስወጣ፤ ጣቢያዎቻቸውን አስወረረ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ጁን 23 ቀን 1967 ማታ፣ የሲግሎ ቬይንቴ ሰዎች የቅዱስ ዮሐንስን በዓል እያከበሩ ነበር። በአንዲስ ተራሮች ይህ ሌሊት ብርዱ እጅግ የሚጠናበት ነው፤ በየደጁ እንደኛ ደመራ እሳት ይለኮሳል፣ ይዘፈናል፣ ይጠጣል። ከየማዕድኑ የማኅበር ተወካዮችም ለስብሰባ መጥተው ነበር፤ የተቆረጠው ደሞዝ እንዲመለስ መጠየቅና በአገሪቱ ደቡብ ምሥራቅ ለሚዋጉት የቼ ጌቫራ ሽምቅ ተዋጊዎች የአንድ ቀን ደሞዝ መለገስ በአጀንዳነት ይነሣ ነበር።

ሊነጋጋ ሲል፣ እሳቱ ከስሞ ሰዉ ወደ ቤቱ ሲገባ፣ ሠፈሩን የከበበው ጦር ተኩስ ከፈተ። ብዙዎች መጀመሪያ የበዓል ርችት መስሏቸው ነበር። የማኅበር መሪው ሮሴንዶ ጋርሲያ ማይስማን የማኅበሩን ቤትና በውስጡ ያለውን ሬዲዮ ሲከላከሉ ተገደሉ። በዚያ ንጋት ከ20 በላይ ሰዎች አለቁ። በ1971 ዳይሬክተር ሆርሄ ሳንሂኔስ ስለዚህ እልቂት ፊልም ሲሠሩ ከሞት የተረፉት የሠፈሩ ሰዎች ራሳቸውን ሆነው ተጫውተውበታል።

ሰዎቹ ሬዲዮውን ምን ያህል ይሳሱለት እንደነበር የታየው በጃንዋሪ 1975 ነው። የጄኔራል ሁጎ ባንዘር መንግሥት በሲግሎ ቬይንቴና በካታቪ አካባቢ ያሉትን ጣቢያዎች ሲያስወርር ቆፋሪዎቹ ሥራ አቆሙ። ቀን ሳይሠሩ መዋል ለቆፋሪ ቤተሰብ ምን እንደሆነ ያውቁት ነበር። የዚያን ጊዜ ጥያቄያቸው ግን ሬዲዮአችን ይመለስልን የሚል ነበር።

ከእነዚህ ሠፈሮች ድምፃቸው ርቆ የተሰማ ሰዎችም ወጡ። ዶሚቲላ ባሪዮስ ዴ ቹንጋራ የማዕድን ቆፋሪ ልጅ፣ የማዕድን ቆፋሪ ሚስትና በ1961 የተቋቋመው የሲግሎ ቬይንቴ የቤት እመቤቶች ኮሚቴ መሪ ነበሩ። ከዚያ ሠፈር ተነሥተው በ1975 ሜክሲኮ ላይ በዓለም አቀፉ የሴቶች ዓመት መድረክ ስለ ድሃ ሴቶች ኑሮ ተናገሩ። በዲሴምበር 1977 አራት የማዕድን ሠፈር ሴቶች ላ ፓዝ ውስጥ ከልጆቻቸው ጋር የረሃብ አድማ ሲጀምሩ ዶሚቲላም ተቀላቀሏቸው። አድማው በሦስት ሳምንት ከሺህ በላይ ሰው ይዞ፣ የባንዘር መንግሥት ምሕረት እንዲያውጅ አስገደደው።

አገር ዝም ሲል

ጁላይ 17 ቀን 1980 ጄኔራል ሉዊስ ጋርሲያ ሜሳ መፈንቅለ መንግሥት አደረገ። ላ ፓዝ ውስጥ የሠራተኞች ማዕከላዊ ድርጅት ጽሕፈት ቤት ተወረረ፤ የሶሻሊስት መሪው ማርሴሎ ኪሮጋ ሳንታ ክሩዝ ተገደሉ። የከተማ ጣቢያዎች ተዘጉ ወይም ከወታደሮቹ የተላከላቸውን ብቻ እንዲያስተላልፉ ተገደዱ።

በተራሮቹ ላይ ግን የማዕድን ጣቢያዎቹ እጅ ለእጅ ተያያዙ። አንዱ ያለውን ዜና ተናግሮ ተራውን ለሚቀጥለው ያስረክባል፤ ያኛውም ተቀብሎ ለራሱ አካባቢ ያስተላልፋል፣ የራሱንም ጨምሮ ለሌላው ያቀብላል። አንዱ በጦር እጅ ሲወድቅ ቀሪዎቹ ይሸፍኑለታል። "የዴሞክራሲ ሰንሰለት" ብለው ጠሩት። የት ሰው እንደታሰረ፣ የትኛው መንገድ እንደተዘጋ፣ ታንኩ የት እንደደረሰ የአገሩ ሰው የሚሰማው ከዚያ ነበር። በፖቶሲ ደቡብ የሚገኘው የሬዲዮ አኒማስ ተናጋሪ፣ ወታደሮች ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ መድረሳቸውን፣ ሕዝቡም ለመከላከል መዘጋጀቱን በአየር ላይ እየነገረ ለጎረቤት ጣቢያዎች ድምፁን አሰማ። ሰንሰለቱ እየተቆራረጠ ለሳምንታት ከዘለቀ በኋላ ኦገስት ላይ ተበጠሰ። በኦክቶበር 1982 ሲቪል መንግሥት ሲመለስ ጣቢያዎቹም ተመለሱ።

ያለ ጥይት የተዘጉት

ጣቢያዎቹን የጣላቸው ሌላ ነገር ነው። ኦገስት 29 ቀን 1985 የቪክቶር ፓዝ ኤስቴንሶሮ መንግሥት 21060 የተሰኘውን የኢኮኖሚ አዋጅ አወጣ፤ በኦክቶበር ደግሞ የቲን ዋጋ በለንደን ገበያ ተንኮታኮተ። በ1952 ማዕድኑን የመንግሥት ያደረጉት ፕሬዚዳንት እኚሁ ፓዝ ኤስቴንሶሮ ነበሩ። በዚህም ከመንግሥት ማዕድን ከ20,000 በላይ ሠራተኞች ተሰናበቱ፤ ስንብቱንም "ዝውውር" አሉት። በኦገስት 1986 በሺዎች የሚቆጠሩ ቆፋሪዎችና ቤተሰቦቻቸው "የሕይወት ጉዞ" ብለው በእግራቸው ወደ ላ ፓዝ ሲያቀኑ ካላማርካ ላይ ጦር አገዳቸው። ከዚያ ሠፈሮቹ ባዶ ቀሩ፤ ሰዉ ወደ ኤል አልቶና ወደ ኮቻባምባ ተበተነ።

ደሞዙ ሲቋረጥ መዋጮው ተቋረጠ፤ መዋጮው ሲቋረጥ አብዛኞቹ ጣቢያዎች ተዘጉ ወይም ተሸጡ። ጦር አራት ጊዜ መጥቶ ያልቻለውን አንድ የኢኮኖሚ አዋጅ ፈጸመው። ማሰራጫ ሲሰበር ሌላ ይገዛል፤ የሚገዛው ሠራተኛ ከተበተነ ግን የሚተካው የለም። ሬዲዮ ፒዮ 12ኛና የዋኑኒው ጣቢያ ተርፈው ቀጥለዋል፤ በላቲን አሜሪካ ዛሬ የማኅበረሰብ ሬዲዮ የሚባለው እንቅስቃሴም የቦሊቪያን ቆፋሪዎች ከፋና ወጊዎቹ ይቆጥራቸዋል።

የሕዝብ ድምፅ ነኝ የሚል መገናኛ ብዙኃን በየአገሩ ሞልቷል። የቦሊቪያ ቆፋሪዎች መመዘኛውን ትተውልናል፤ ወጪውን የሚከፍለው ማን ነው? የተከፋ ሰው በሩን ገፍቶ ቢገባ ማይክሮፎን ይሰጠዋል ወይ? እነሱ ሁለቱንም በደሞዛቸውና በደማቸው መልሰዋል። ስለ ሠራተኛ መብት የሚቆረቆር ሁሉ የመናገሪያ መድረኩን ከደሞዙና ከሥራ ዋስትናው ነጥሎ ማየት የለበትም፤ አንዱ ሲነካ ሌላውም መነካቱ አይቀርምና።