«ውለዱ ክበዱ» ከተባለልን በኋላ



ባለፈው ስብሰባችን ቡና እየጠጣን ሳለ አንዲት እህታችን «መቼ ነው ልጅ የምታሳዪን?» ተብላ ተጠየቀች። ጠያቂዋ በፍቅር ነው የጠየቀቻት። እሷ ግን ፈገግ ብላ ሲኒዋን አስቀመጠችና በረካው ሳይደርስ ተነስታ ሄደች። ማታ ደወልኩላት። «እንውለድ ወይስ ይቅርብን የሚለውን ከባለቤቴ ጋር ገና እየተነጋገርንበት ነው፤ እዚያ መሐል ምን ብዬ ልመልስ?» አለችኝ። እኔም የምላት ጠፋኝ። ስሟን ሳልጠራ እንድጽፈው ስለፈቀደችልኝ ይህን አዘጋጀሁ። ለመሆኑ ይህ ጥያቄ ለእናቶቻችንና ለአያቶቻችን ቀርቦላቸው ያውቃል? ካልቀረበላቸውስ ማን ነበር የሚወስንላቸው?

አያቶቻችን በሰርጋቸው ቀን «ውለዱ ክበዱ» ተብለው ተመረቁ፤ ነገሩ በዚያው አለቀ። ልጅ ከብት ጠባቂ፣ ውሃ ቀጂ፣ አራሽ፣ የርስት ወራሽ፣ የእርጅና ጧሪና ቀባሪ ነበር። ሞትም ድርሻውን ይወስዳል። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንኳ በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ያልፉ ነበር፤ ከስድስት አንድ ማለት ነው። ይህ በእኛው ዘመን ነው፤ ከዚያ በፊት የነበረውን እናንተው ገምቱት። የወለደችውን እየቀበረች የምታሳድግ ሴት «ስንት ይበቃኛል?» ብላ የምትቆጥርበት ፋታ አልነበራትም። ያልወለደችው ደግሞ ጸበል ለጸበል ስትዞር፣ ለቁልቢ ገብርኤል ስትሳል ትኖራለች፤ ከትዳሯ የተሰናበተችም ብዙ ናት። ችግሩ ከባልየው ሊሆን ይችላል ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም።

ይህ ነገር ቤተ መንግሥትም ይገባ ነበር። እቴጌ ጣይቱ ብጡል ዳግማዊ ምኒልክን ያገቡት በ1875 ዓ.ም. ነው። አዲስ አበባን ስም አውጥተው የቆረቆሩ፣ ዓድዋ ድረስ የዘመቱ ሴት ናቸው። ከንጉሠ ነገሥቱ ግን ልጅ አልወለዱም። ምኒልክ ሲታመሙ በ1901 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ የተባለው የልጅ ልጃቸው ልጅ ኢያሱ ሆነ፤ በ1902 ዓ.ም. ደግሞ መኳንንቱ እቴጌይቱን ከመንግሥት ሥራ አገለሏቸው። ለመገለላቸው ምክንያቱ ብዙ ነው። እንደኔ እምነት ግን የአልጋ ወራሽ እናት ቢሆኑ ኖሮ እንዲያ በቀላሉ አይነኩም ነበር። ያን ያህል ኃይል የነበራቸው ሴት እንዲህ ከሆኑ፣ ገበሬዋ ሴት ምን ልትሆን ነው?

ሕጉም ቢሆን ከሴቲቱ ጋር አልነበረም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ልጃገረድ በ15 ዓመቷ እንድትዳር ይፈቅድ ነበር። ባል የቤተሰቡ አስተዳዳሪ ነው፤ ሚስት ሕጋዊ በሆነ ነገር ሁሉ ልትታዘዘው ይገባል ይልም ነበር። በ15 ዓመቷ ገብታ የምትታዘዝ ልጅ ስለ መውለድ ምን ልትወስን ትችላለች?

ለውጡ የመጣው በጥቂቱ ነው። የቤተሰብ መምሪያ ማኅበር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1966 ሲመሠረት፣ ሥራውን የጀመረው አዲስ አበባ ውስጥ በአንዲት ክፍልና በአንዲት ነርስ ነበር። እናቴ ከኛ ከስድስቱ በኋላ የወሊድ መከላከያ ክኒን መውሰድ የጀመረችው በደርግ ጊዜ ነው። ክኒኑን የምትደብቀው በርበሬ ቆርቆሮ ውስጥ ነበር። አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የሚል ሰው ነበር እንጂ። በዕድላችን ያደግነውን ልጆች የምታጥበውና የምታበላው ግን እሷ ነበረች። ይህንን የነገረችኝ እኔ ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ በኋላ ነው፤ ያኔም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

በ1985 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የሥነ ሕዝብ ፖሊሲ የወሊድ መከላከያን በማስተዋወቅ ላይ የነበረው አላስፈላጊ ገደብ እንዲነሳ አለ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች የቤተሰብ ምጣኔ ትምህርት፣ መረጃና አቅም የማግኘት መብት እንዳላቸው ደነገገ። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለሁለቱም 18 አደረገ፤ ባልና ሚስትንም በትዳር ውስጥ እኩል አደረጋቸው። ከ1995/96 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ አብዛኞቹ የገበሬ ልጆች የሆኑ ወጣት ሴቶች፣ ቤት ለቤት እየዞሩ ማስተማር ጀመሩ። በ1992ቱ ጥናት ካገቡት ሴቶች የወሊድ መከላከያ የሚጠቀሙት 8 በመቶ ነበሩ፤ በ2008ቱ 36 በመቶ ደረሱ። የሕፃናቱም ሞት ከ1,000 ወደ 67 ወረደ።

እንግዲህ ምርጫው በእጃችን ገባ ማለት ነው? በከፊል አዎ። በ2008ቱ ጥናት መውለድ ማራራቅ ወይም ማቆም እየፈለጉ መከላከያ የማይጠቀሙ ያገቡ ሴቶች 22 በመቶ ነበሩ፤ ከአምስት አንዷ ገደማ ማለት ነው። በአንጻሩ አዲስ አበባን ተመልከቱ። በ1992 ዓ.ም. አንዲት የአገራችን ሴት በዕድሜዋ በአማካይ ወደ ስድስት ልጅ ስትወልድ፣ የአዲስ አበባዋ ሁለት አይሞላም ነበር። ጉዳዩን ያጠኑ ሰዎች የሥራ ማጣትን፣ የቤት ችግርንና የጋብቻን መዘግየት ምክንያት አድርገው ይጠቅሳሉ። ይህን እኛ ያለ ጥናትም እናውቀዋለን። ቤት ልትከራይ ስትሄድ «ልጅ አለሽ?» ያልተባለች ከመካከላችን ማን አለች? ለአያቴ የወሰነላት ርስትና ሞት ነበር፤ ለብዙዎቻችን የሚወስንልን የቤት ኪራይ ሆኗል። ልጅ እየፈለጉ ቤት አጥተው የተዉት እህቶቻችን ኀዘን፣ ሳይፈልጉ ከወለዱት ኀዘን አያንስም።

አንድ ነገር ግን ከአያቶቻችን ዘመን አልተለወጠም። «ማን ይጦረኛል? ማን ይቀብረኛል?» የሚለው ፍርሃት ዛሬም አለ። የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ የወጣው ገና በ2003 ዓ.ም. ነው። ጉልት የምንቸረችረው፣ እንጀራ የምንሸጠው፣ በሰው ቤት የምንሠራው አብዛኞቻችን ደግሞ ጡረታ የለንም። ጡረታ የሌላት ሴት «ልጅ አልፈልግም» ለማለት፣ ወይም በአንድ ልጅ ለመብቃት ብታስብ እንኳ እርጅናዋ ያስፈራታል። ለዚህ ነው ጉዳዩ የማኅበራችን ጉዳይ ነው የምለው። ስማችንም መረዳጃ ነው።

ስለዚህ ለሚቀጥለው ስብሰባ ሁለት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ልጅ የሌላት ወይም ልጇ በሩቅ ያለ አባላችን ስትታመም ተራ ገብተን እንድናስታምማት፣ ተራውም በመዝገብ እንዲያዝ። የቀብሩን ነገር ዕድሮቻችን ያውቁበታል፤ የጎደለን ከቀብር በፊት ያለው ነው። ሁለተኛ፣ ስለ ልጅ ራሷ ካላነሳችው በቀር አንጠይቃት። ልትወልድ ከሆነ አራስ እንጠይቃታለን፣ ገንፎውን እናገነፋለን። ላትወልድ ከሆነም ሦስተኛውን ቡና ጠጥታ ትሂድ።

እናቴ ክኒኗን በርበሬ ውስጥ የደበቀችው ከአባቴ ብቻ አልነበረም። «ከጎረቤት ሴቶችም ነው» ብላኛለች። ያን ቀን እህታችን ተነስታ ስትሄድ ትዝ ያለኝ ይኸው ነበር።