ስሟ የዘገየባት የአንኮበር ወፍ

«ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ የተነገረው ለሰው ጠባይ ቢሆንም፣ እኔ ለዛሬ ቃል በቃል ልውሰደውና ስለ አንዲት ወፍ ላውጋችሁ፤ ባገሯ እየጮኸች ስሟን የሚጽፍላት ስላጣች ወፍ። ዘመኖቹን የማነሣው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ ነበረች። በምሥራቅ በኩል ወደ ሸዋ የሚመጣ እንግዳ በረሃውን ተሻግሮ፣ ገደሉን ወጥቶ የሚደርሰው እዚያ ነው። በ1841 በሻለቃ ሃሪስ የተመራው የእንግሊዝ ልዑክ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲመጣ የተፈጥሮ ተመራማሪ አስከትሎ ነበር። በ1876 ደግሞ ኦራዚዮ አንቲኖሪ የኢጣሊያ ጂኦግራፊ ማኅበርን ልዑክ መርቶ ሸዋ ገባ። ምኒልክ በአንኮበር አቅራቢያ ሌት ማረፊያ የተባለውን ቦታ ሰጡት። አንቲኖሪም በ1882 እዚያው እስኪሞት ድረስ ወፍና አውሬ ሲሰበስብ ኖረ። ወደ ኢጣሊያ የተላኩትን ወፎች ሳልቫዶሪ የተባለ ሊቅ መርምሮ በ1884 ስለ ሸዋ አእዋፍ ትልቅ ጥናት አሳተመ። በዚያው በአንኮበር ገደል አፋፍ ዘር ስትለቅም የምትውለው አንዲት ወፍ ግን ስም ሳታገኝ ቀረች።

ለመሆኑ እንዴት አመለጠቻቸው? ጥፋቱ የመልኳ ነው። ርዝመቷ 13 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ቡናማ ናት፤ ከራሷ እስከ ሆዷ ጥቋቁር ጭረት ወርዶባታል። ዓይን የሚስብ ቢጫም ቀይም የላትም። ለዚያውም የሚመስሏት ዘመዶች ሞልተዋታል። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ መጀመሪያ በሰሜን ተራሮችና በጎንደር ተዘዋውሮ ሲመለስ፣ በ1840 ከእነዚህ ዘመዶቿ ሦስቱን ለሳይንስ አስተዋውቆ ነበር። አንደኛዋ እንደ እሷው ጭረታም ስትሆን ከዓይኗ በላይ ጎላ ያለ ነጣ ያለ ቅንድብ አላት። ሁለተኛዋም ቅንድባም ናት፤ ሆዷ ግን ጭረት የለውም። ሦስተኛዋ ከጭራዋ ሥር ጀርባዋ ላይ ቢጫ ታሳያለች። የአንኮበሯ ወፍ ቅንድብም ቢጫም የላትም፤ ፊቷ ልሙጥ፣ ምንቃሯ ቀጠን ያለ ነው። እንግዲህ የምትታወቀው ባላት ሳይሆን በሌላት ነገር ነው። የሌለን ነገር ለማየት ደግሞ ያለውን ሁሉ ጠንቅቆ ማወቅ ያስፈልጋል።

ይህን ያስተዋለው እንግሊዛዊው ጆን አሽ ነው። አሽ ከ1969 ጀምሮ አዲስ አበባ ተቀምጦ በአሜሪካ ባሕር ኃይል የሕክምና ምርምር ክፍል ይሠራ ነበር። በ1976 አንኮበር አጠገብ ወፊቱን አገኛት፤ በ1979 አዲስ ዝርያ መሆኗን ገልጾ በላቲን «አንኮበሬንሲስ» አላት። አንቲኖሪ ሸዋ ከገባ ልክ መቶ ዓመት ማለት ነው። ከዓመታት በኋላ ወፊቱ በሰሜን ተራሮችም ተገኘች፤ ሩፔል ባለፈበት አገር!

ያገሬው ሰው አያውቃትም ነበር ማለት ግን አይደለም። ከብት የሚጠብቅ እረኛ በገደሉ አፋፍ በመንጋ ስትነሣ ሺህ ጊዜ አይቷታል። ነገር ግን ለወፍ ስም የምናወጣው ስትጠቅመን ወይም ስትጎዳን ነው። እኔ በምኖርበት በመንጌ ቆላ ማሽላ የሚያበቅል ገበሬ ግሪሳን በስሟ ጠርቶ ይረግማታል፤ እህሉን ትጨርስበታለችና። ቆቅና ጅግራም ስም አላቸው፤ ይበላሉና። ከቀርከሃው ሥር ውር ውር የምትለው፣ የማትጎዳን፣ የማንበላት ቡናማ ወፍ ግን ለብዙዎቻችን «ወፍ» ብቻ ናት። የመንጌው ሰው ከአንኮበሩ እረኛ በዚህ አይለይም።

ታዲያ ስም ቢኖራት ባይኖራት ምን ይለወጣል? ብዙ ይለወጣል! ስም የሌለው ነገር ሲጠፋ የሚቆጥረው የለም። እርሻና ግጦሽ ወደ ገደሉ አፋፍ እየተገፋ ሲሄድ፣ የአንኮበሯ ወፍ ስም ስላላት መኖሪያዋ ይጠናል፤ ቁጥሯ ይጠየቃል፤ ለእሷ ሲሉ ከሩቅ አገር የሚመጡ ጎብኚዎችም አሉ። ከ1976 በፊት ብትጠፋ ኖሮ መጥፋቷን እንኳ የሚያውቅ አይኖርም ነበር።

አሽ አንድ የሚመሰገንበት ነገር አለ። በአገራችን አእዋፍ ላይ የሩፔልና የሌሎች ፈረንጆች ስም ተለጥፎ በቀረበት ሁኔታ፣ እሱ ለወፊቱ የአገሯን ስም ሰጣት። የቀረው ሥራ የኛ ነው። ደብተርና እርሳስ የያዘ አንድ የመንጌ ተማሪ የሰፈሩን ወፎች ቅንድብና ምንቃር እየለየ፣ ሽማግሌዎች በቤርታ ቋንቋ የሚጠሩበትን ስም እየጠየቀ ቢጽፍ፣ ለሥራው የንጉሥ ርስትም ሆነ የፈረንጅ ልዑክ አያስፈልገውም። መቶ ዓመትም አይፈጅበትም።