ዋጃ፦ ውሃ ያቆማት ከተማ

ከአዲስ አበባ በደሴ በኩል ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ ወልድያንና ቆቦን ካለፈ በኋላ፣ አላማጣ ከመድረሱ በፊት ዋጃን ያገኛል። ከተማይቱ የቆመችው ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ግድም ከፍታ ባለው የራያ ሜዳ ላይ ነው። በስተ ምዕራብ ከ3,000 ሜትር በላይ የሚወጣው ደጋ እንደ ግድግዳ ተገትሮ ይታያል፤ በስተ ምሥራቅ ደግሞ የዞብል ተራሮች ሜዳውን ከአፋር በረሓ ይለዩታል። የዋጃ ታሪክ ከዚህ አቀማመጥ ተነጥሎ ሊነገር አይችልም፤ ዝናቡ የሚበዛው በደጋው፣ ሰፊው እርሻ የሚገኘው ግን በቆላው ነውና።

ክረምት ሲገባ ጎርፍ ደለል ተሸክሞ ከደጋው ይወርዳል። እንደ ጎሊና ያለው ወንዝ በተራሮቹ መካከል አልፎ ወደ አፋር ሲዘልቅ፣ ብዙዎቹ ጅረቶች ግን በሜዳው ተዘርግተው ወደ መሬት ይሰርጋሉ። ገበሬውም ጎርፉን በአፈር፣ በድንጋይና በቅርንጫፍ ክትር ጠልፎ ወደ ማሳው ይመራዋል። በአንድ ሌሊት የመጣ ውሃ በጥልቁ አፈር ውስጥ ተጠራቅሞ፣ ዝናብ በተቋረጠ ጊዜ ማሽላውን ያቆየዋል። ያው ጎርፍ ሲበረታ ክትሩን ሰብሮ ማሳውን ይቦረቡራል። ስለዚህ ክትር መሥራትም ሆነ ውሃ መከፋፈል የአንድ ሰው ሥራ ሊሆን አልቻለም፤ ተራውን የሚጠብቅ የውሃ አባት ያስፈልገዋል።

ይህ ሕግ የራያ ብቻ አይደለም። በመካከለኛው እስያ ስመ ጥሩዎቹ ሳማርካንድና ቡኻራ የኖሩት ከተራራ በሚወርደው በዛራፍሻን ወንዝ ነው፤ እርሱም ከዋናው ወንዝ ከአሙ ዳሪያ ሳይደርስ በምድረ በዳ ይቀራል። በዚያም ውሃ የሚያካፍለው ሹም ሚራብ ይባል ነበር። ዋጃ በስፋትም ሆነ በዝና ከእነዚያ ጋር ባትወዳደርም፣ የኑሮዋ መሠረት ግን አንድ ነው።

እንዲህ ያለ ሜዳ ሰውን መሳቡ አይቀርም። በ15ኛው መቶ ዓመት ዐፄ በእደ ማርያም የዘመቱባቸው ዶባዎች በዚህ የቆላ ጠረፍ የሚኖሩ፣ በከብታቸው የታወቁ ሕዝብ ነበሩ። ከ16ኛው መቶ ዓመት በኋላም ኦሮሞዎች መጥተው ሰፈሩ። አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ኦሮምኛና አፋርኛ በአንድ ገበያ የሚሰሙበት የራያ ባሕል የተፈጠረው ከዚህ መቀላቀል ነው።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው ወረራ ጣሊያን በደሴ በኩል ወደ አሥመራ ያሠራው አውራ ጎዳና ሜዳውን ሰንጥቆ አለፈ። ጎዳናው ንግድን አመጣ፤ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ግን የወሎ ረኃብተኛ ርዳታ ፍለጋ የጎረፈው ወደዚሁ መንገድ ነበር። በ1977 ዓ.ም. ደግሞ ከአላማጣ በላይ ያለችው ኮረም የዚያ ዘመን ረኃብ ምልክት ሆነች። ዝናብ ሲታጎል ጎዳና ብቻውን ሰውን እንደማያኖር ሁለቱም ዘመናት አሳይተዋል።

ዋጃ ቀድሞ በወሎ ሥር በራያና ቆቦ አውራጃ ውስጥ ነበረች። ከ1984 ዓ.ም. በኋላ ክልሎች ሲዋቀሩ ቆቦ በአማራ፣ ዋጃና አላማጣ በትግራይ ሥር ሆኑ። በ1990ዎቹም በአንዱ ሜዳ የቆቦ ጊራናና የራያ ሸለቆ ልማት የተባሉ ሁለት ሥራዎች በየበኩላቸው ጥልቅ ጉድጓድ እየቆፈሩ የከርሰ ምድር ውሃ ለመስኖ ማውጣት ጀመሩ። በ2013 ዓ.ም. የተነሣው ጦርነት ሜዳውን ደጋግሞ አቋረጠው፤ የአካባቢው አስተዳደርም ወደ አማራ ክልል እጅ ገባ። በ2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያ ስምምነት የይገባኛል ጥያቄ የተነሣባቸው አካባቢዎች ጉዳይ በሕገ መንግሥቱ መሠረት እንዲፈታ ወሰነ።

ድንበሩ በየትም በኩል ቢሰመር ግን ከደጋው የሚወርደው ጎርፍ አንድ ነው፤ የሚሰርግበትም ምድር አንድ ነው። በአንድ ወገን ያለልክ የተቀዳ ውሃ በሌላው ወገን ጉድጓድ ይጎድላል፤ በላይ የተራቆተ ተራራ በታች ያለውን ማሳ በደለል ያለብሳል። የዋጃ አባቶች ክትሩን በጋራ የሠሩት ይህን ስላወቁ ነበር። ዛሬ በሞተር ውሃ የሚስበው ትውልድም ከየትኛውም ክልል ቢሆን ያን የውሃ አባት ሥርዓት መልሶ ካላቆመ፣ ሜዳው ለሁሉም የሚበቃበት ዘመን ሊያጥር ይችላል።