ከስኳር መጠቅለያ የተረፉ ጋዜጦች

ጋዜጣ በእኛ አገር ከተነበበ በኋላ ብዙ ሥራ ይጠብቀው ነበር። ባለሱቁ ስኳርና ጨው ይጠቀልልበታል፤ ቆሎ ሻጯ ሾጣጣ አድርጋ ትሰፍርበታለች፤ የጭቃ ቤት ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ይለበጥበታል። ፊደል የለየሁት ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ጋዜጣ ነው የሚል ጎልማሳ ዛሬም አይጠፋም። ከዚህ ሁሉ የተረፈውን ደግሞ ወረቀቱ ራሱ ይጨርሰዋል። የጋዜጣ ወረቀት ከተፈጨ እንጨት በርካሽ የሚሠራ ነው። በውስጡ የሚቀረው ሊግኒን የሚባለው ንጥረ ነገር ብርሃንና አየር ሲያገኘው አሲድ ይፈጥራል፤ ወረቀቱ መጀመሪያ ቢጫ፣ ቀጥሎ ቡናማ ይሆንና በመጨረሻ እንደ ድርቆሽ ይሰባበራል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈ የብራና ዳዊት ዛሬም ያለ ችግር ይገለጣል። የ1920ዎቹ ጋዜጣ ግን ጥግ ጥጉ በጣት መሐል ይፈረፈራል።

የጠፋው ነገር ምን ያህል ውድ እንደሆነ ለመረዳት አንድ ጋዜጣ ማንሳት ይበቃል። «ብርሃንና ሰላም» የመጀመሪያ ቁጥሩ የወጣው ሐሙስ ታኅሣሥ 23 ቀን 1917 ዓ.ም. ነው። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ባቋቋሙት ማተሚያ ቤት፣ በገብረ ክርስቶስ ተክለ ሃይማኖት አዘጋጅነት፣ በየሳምንቱ ሐሙስ እየታተመ እስከ ጣሊያን ወረራ ዘለቀ። ቅጂው በመቶዎች የሚቆጠር ብቻ ነበር። በእነዚያ ጥቂት ገጾች ላይ ግን በዘመኑ የተማሩ የሚባሉት ኢትዮጵያውያን ስለ ባርነት፣ ስለ ትምህርት፣ ስለ ግብር እና ስለ ፍርድ አሠራር በአደባባይ ተከራክረዋል። የታሪክ መጻሕፍት ይህን ክርክር በአንድ አንቀጽ ጨምቀው ያልፉታል። ጋዜጣው ላይ ግን ማን ለማን እንደመለሰ፣ ስንት ሳምንት እንደፈጀ፣ በየትኛው ሳምንት ጸጥ እንዳለ ይታያል። ነገ ምን እንደሚመጣ ሳያውቁ የጻፉ ሰዎች ድምፅ ስለሆነ፣ በኋላ ከተጻፈ ማስታወሻ ሁሉ የሚለየው በዚህ ነው።

እንዲህ ያለውን ወረቀት ከሞት ያዳነው ማይክሮፊልም ነው። አሳቡ አሮጌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1870 እና 1871 ፓሪስ በፕሩሲያ ጦር ተከባ ሳለች ሬኔ ዳግሮን የተባለ ፈረንሳዊ ፎቶግራፍ አንሺ ደብዳቤዎችን በጥቃቅን ፊልም ላይ አሳንሶ በርግብ ወደ ከተማዋ አስገብቷል። በ1920ዎቹ የኒው ዮርክ የባንክ ሠራተኛ ጆርጅ ማካርቲ ቼኮችን በፊልም የሚያነሳ ማሽን ፈለሰፈ፤ ኮዳክ ኩባንያ ፈጠራውን ገዝቶ አሳደገው። በ1935 «ኒው ዮርክ ታይምስ» ጋዜጣን በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ማንሳት ተጀመረ። ከዚያ ወዲያ የዓለም ታላላቅ ቤተ መጻሕፍት ተከተሉ።

የእኛም አገር ቅርስ በዚህ ዘዴ ተጠቅሟል። ከ1966 ዓ.ም. ጀምሮ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንና በአሜሪካ ሚኔሶታ ግዛት በኮሌጅቪል የሚገኝ የገዳም ቤተ መጻሕፍት ተባብረው፣ ከየአድባራቱና ከየገዳማቱ የመጡ ወደ 9,000 የሚጠጉ የብራና መጻሕፍትን በፊልም አስቀርተዋል። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን የሰጡት ያንን ፊልም አንድ በአንድ እያነበቡ ይዘቱን ለመመዝገብ ነው። ብራናውን ብዙ ሰው ያውቀዋል፤ ያከብረዋልም። ጋዜጣው ግን እንዲህ ያለ ጠበቃ አላገኘም፤ ይህ እስከ ዛሬ የሚያሳዝነኝ ነገር ነው።

ታዲያ የጋዜጣው ቅጂና ፊልም የት ይገኛል? በአገር ውስጥ መጀመሪያ የሚኬደው ወደ ሁለት ቦታ ነው። አንደኛው በሕግ የየኅትመቱ ቅጂ የሚገባለት ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፣ ወመዘክር ነው። ሁለተኛው ስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ፣ በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ነው። በውጭ ደግሞ የአሜሪካው ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ናይሮቢ ላይ ቢሮ ከፍቶ የምሥራቅ አፍሪካን ኅትመቶች ሲሰበስብ ኖሯል፤ «አዲስ ዘመን»ም በዚያ መንገድ ፊልም ላይ ገብቷል። እ.ኤ.አ. በ1963 የተመሠረተው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የጋራ የአፍሪካ ፊልም ማኅበርም ጥቅሎቹን ቺካጎ ላይ አስቀምጦ ለአባል ተቋማት ያውሳል። ዋሽንግተንና አካባቢዋ የሚኖር ወገናችን ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ገብቶ ለማንበብ ፕሮፌሰር መሆን አያስፈልገውም። ዕድሜው 16 የሞላ ማንኛውም ሰው የአንባቢ ካርድ በነፃ ያወጣል። ሌላ ከተማ የሚኖር ተማሪም በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት በኩል ጥቅሉን በውሰት ማስመጣት ይችላል።

የማይክሮፊልም ማንበቢያ ማሽን ፊት የተቀመጠ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ጨለማ ነው። ብዙው ፊልም ኔጌቲቭ ስለሆነ ገጹ ጥቁር፣ ፊደሉ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ዓይን እስኪለምደው ጊዜ ይፈልጋል። ጥቅሉ በግራ በኩል ካለው ዘንግ ላይ ይገባል፤ ጫፉ በሁለት መስታወት መካከል አልፎ በቀኝ ያለው ባዶ ጥቅል ላይ ይያዛል፤ ከዚያ በእጅ ወይም በሞተር ይጠመዘዛል። ቸኩሎ የሚያጠነጥን ፊልሙን ይጭራል፤ ጭረቱ ከዚያ በኋላ በሚመጣው አንባቢ ሁሉ ዓይን ፊት የሚያልፍ ነጭ መስመር ሆኖ ይቀራል። በጥቅሉ መጀመሪያ ላይ የጋዜጣው ስም፣ የሚሸፍነው ጊዜና የጎደሉት ቁጥሮች የተጻፉበት ገጽ ይኖራል። ይህን ገጽ ዘሎ የሚያልፍ አንባቢ ብዙ ነው፤ ግን ከሁሉ በፊት መገልበጥ ያለበት እሱ ነው። አንድ ዜና «በጋዜጣው አልወጣም» ከማለት በፊት የዚያ ሳምንት ቁጥር ፊልሙ ላይ መኖሩን ማረጋገጥ ግድ ነው። ጋዜጦቻችን በራስጌያቸው ላይ ዓመትና ቁጥር ስለሚያትሙ፣ ቁጥሩ ከ14 ወደ 16 ከዘለለ መሐል ያለው አንድ ጋዜጣ እንደጎደለ ይታወቃል።

ቀጥሎ የሚመጣው የቀን ጉዳይ ነው። ጋዜጣው በእኛ ዘመን አቆጣጠር ይታተማል፤ ፊልሙን ያነሱትና የመዘገቡት ሰዎች ግን ሣጥኑ ላይ የሚጽፉት በፈረንጅ ዓመት ነው። ስለዚህ አንድ የእኛ ዓመት ሁለት ሣጥን ውስጥ ይከፈላል። ለምሳሌ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የዘውድ በዓል የሚፈልግ ሰው ቀኑ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. እሑድ መሆኑን፣ ያም እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2 ቀን 1930 እንደሆነ ያሰላል። የ1930ን ሣጥን ያወጣል። «ብርሃንና ሰላም» የሚወጣው ሐሙስ ስለሆነ ከበዓሉ በኋላ ያለው መደበኛ ቀን ጥቅምት 27 ነው። ግን እዚያ ብቻ መቆም የለበትም። ከበዓሉ በፊት የነበሩት ሳምንታት ዝግጅቱን፣ የእንግዶቹን አመጣጥ፣ የከተማውን ሽርጉድ ይናገራሉ፤ ቀጥለው ያሉት ሳምንታት ደግሞ የተላከውን የደስታ መልእክትና ግጥም ያሳያሉ። በዋዜማና በማግሥት ያለውን የማያነብ ሰው በዓሉን ብቻ ያገኛል፤ ከተማውን አያገኝም።

ማስታወቂያውንም አትዝለሉ እላለሁ። የቤት ኪራይ፣ የጠፋ በቅሎ፣ የፍርድ ቤት ጥሪ፣ አዲስ የመጣ ዕቃ፣ የሙት ዓመት መታሰቢያ፤ የአያቶቻችን ኑሮ ያለው እዚያ ነው። የቤተሰቡን ታሪክ የሚፈልግ ሰው ከርእሰ አንቀጹ ይልቅ በእነዚህ ጥቃቅን ዓምዶች ውስጥ የአባቱን ስም የማግኘት ዕድሉ የሰፋ ነው።

የማይክሮፊልም ትልቁ ጥቅም ግን ተቃራኒ ወገኖችን አንድ ጠረጴዛ ላይ ማቅረቡ ነው። ሲልቪያ ፓንክረስት ለንደን ላይ ያቋቋመችው «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» የመጀመሪያ ቁጥሩ የያዘው ቀን ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ የገባበት ዕለት መሆኑ ነው። የየካቲት 12ቱን ጭፍጨፋ የሚያጠና ሰው በዚያ ወር አዲስ አበባ ላይ ጣሊያኖች ያሳተሙትን ጋዜጣና ይህን የለንደን ጋዜጣ ጎን ለጎን ማንበብ አለበት። አንዱ የሸሸገውን ሌላው ይጮኸዋል፤ የሚጮኸውም ከሩቅ ስለሆነ አንዳንዱን ነገር ዘግይቶ ይሰማል። እውነቱን ለማግኘት ሁለቱም ያስፈልጋሉ። የሲልቪያ ልጅ ሪቻርድ ፓንክረስት የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የመጀመሪያ ዲሬክተር መሆናቸውንም ማስታወስ ደግ ነው።

አንድ ጋዜጣ ብቻውን ሲነበብም ዘመን ሲገለበጥ ያሳያል። ግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. የተጀመረው «አዲስ ዘመን» ለሠላሳ ሦስት ዓመታት የቤተ መንግሥቱን ውሎ በፊት ገጽ ሲያስቀድም ኖሮ፣ የ1966 ጥቅል ላይ ሲደረስ ነገሩ ይለወጣል። በየካቲት መምህራንና ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፤ ወሩ ሳያልቅ የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣኑን ለቀቀ። ከዚያ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን እስከወረዱበት እስከ መስከረም 2 ቀን 1967 ያለውን ፊልም በዝግታ የሚያጠነጥን አንባቢ ጋዜጠኛው ቃላቱን ሲለውጥ፣ ትናንት የማይነካው ስም ዛሬ ሲተች በዓይኑ ይከተለዋል። ይህን የሚተካ ማጠቃለያ የለም።

ፊልምም ድክመት አለው። ፎቶግራፎች ይጠቁራሉ፣ ቀለም ይጠፋል። አሜሪካዊው ደራሲ ኒኮልሰን ቤከር እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ቤተ መጻሕፍት ጋዜጣን ፊልም ካነሱ በኋላ ዋናውን ወረቀት መጣላቸውን አጥብቆ ወቅሷል፤ በዚህ ነገር ከእሱ ጋር ነኝ። አሮጌው የአሴቴት ፊልምም ሙቀትና እርጥበት ካገኘው ይበላሻል፤ ሣጥኑ ሲከፈት ሆምጣጤ ከሸተተ መበስበስ ጀምሯል ማለት ነው። አዲሱ የፖሊስተር ፊልም ግን በቀዝቃዛና በደረቅ ክፍል ከተቀመጠ በመቶዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት ይቆያል ተብሎ ይገመታል፤ ለማንበብም ብርሃንና ማጉያ መስታወት ይበቃል። ኮምፒውተር ላይ የተከማቸ ምስል ይህን ዋስትና አይሰጥም። በአማርኛ ደግሞ ኃ፣ ሀና ሐ እየተቀያየሩ በሚጻፉበት የድሮ ኅትመት ላይ የኮምፒውተር ፍለጋ ብዙ ነገር ያመልጠዋል። ስለዚህ ስካኑ ለአንባቢ፣ ፊልሙ ለመጠባበቂያ፣ ወረቀቱም በቦታው ይኑር።

በየቤቱ፣ በቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ፣ በአያት የተጠረዘ ጋዜጣ ያላችሁ ወገኖች፦ በፕላስተር አትለጥፉት፣ በላስቲክ አታሽጉት፣ ፀሐይ ላይም አታስጡት። ጠፍጣፋ አድርጋችሁ በንጹሕ ካርቶን ውስጥ አስቀምጡትና ለወመዘክር ወይም ለስድስት ኪሎው ተቋም አሳዩ። መስጠት ባትፈልጉ እንኳ ፊልም እስኪነሳ ወይም ስካን እስኪደረግ አውሱ። ፊልሞቹ መጀመሪያ ላይ «ይጎድላል» ተብሎ ከተመዘገበው ቁጥር አንዱ እናንተ ዘንድ ሊሆን ይችላል።