ከጓካሞሌ ወደ ጓካሜሌ፦ የአንድ ጌም ስም ሥርወ ቃል

በፊደላችን ሲጻፉ በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው ልዩነት አንድ ፊደል ብቻ ነው። ሳብዑ «ሞ» ወደ ኃምሱ «ሜ» ሲለወጥ፣ «ጓካሞሌ» የተባለው የሜክሲኮዎች የአቮካዶ ማባያ «ጓካሜሌ» የተባለ የቪዲዮ ጌም ይሆናል። ጌሙ የተሠራው ቶሮንቶ ውስጥ ነው። ሠሪው ድሪንክቦክስ ስቱዲዮስ እ.ኤ.አ. በ2008 የተቋቋመ ራሱን የቻለ ድርጅት ሲሆን፣ ሥራውን በሚያዝያ 1 ቀን 2005 ዓ.ም. ለገበያ አቀረበ፤ ሁለተኛው ክፍል በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ተከተለ። የጌሙ መነሻ ሐሳብ የድርጅቱ አኒሜተር የሜክሲኮው ተወላጅ የአውጉስቶ ኪሃኖ ነው። ቀለሙ የደመቀ፣ መስመሩ የጠራ ሥዕሉም ከሜክሲኮ ባህል የተቀዳ ነው።

ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው፦ ዋን አጉዋካቴ የተባለ ገበሬ የሚወዳትን ልጅ ካርሎስ ካላካ የተባለ አፅም ይጠልፍበታል፤ እሱንም ይገድለዋል። ዋን በሙታን ዓለም የታጋይ ጭምብል አግኝቶ፣ ነፍስ ዘርቶ ወደ ሕያዋን ዓለም ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ተጫዋቹ በሁለቱ ዓለማት መካከል እየተመላለሰ ይዋጋል።

የስሙን ግማሽ ያዋጣው ናዋትል ነው፤ የአዝቴኮች ቋንቋ፣ ዛሬም በሜክሲኮ የሚነገር። በናዋትል አቮካዶ «አዋካትል»፣ ማባያ «ሞሊ» ይባላል፤ ሁለቱ ሲጋጠሙ «አዋካሞሊ» ይሆናሉ። በ16ኛው መቶ ዓመት የመጡት ስፔናውያን ፍሬውን «አጉዋካቴ»፣ ማባያውን «ጓካሞሌ» አሉት። እነሱ «ጓ»ን ለመጻፍ ሦስት ፊደል ሲደረድሩ፣ እኛ ጓደኛን በምንጽፍበት በአንዱ «ጓ» እንገላገላለን። የጌሙ ጀግና የአባት ስምም እንግዲህ በቀጥታ «አቮካዶ» ማለት ነው።

«አቮካዶ» የሚለው አጠራር ደግሞ የጆሮ ስሕተት ውጤት ነው። ባዕዱ ቃል ለስፔናውያን ጆሮ ከራሳቸው «ጠበቃ» ከሚለው ቃል ጋር ተቀራረበባቸውና ፍሬው የጠበቃ ስም ይዞ ቀረ። እንግሊዝኛ ከዚያ ወሰደው፤ እኛም ተቀበልነው። አዲስ አበባ ጁስ ቤት ገብቶ አቮካዶ ያለበት ስፕሪስ የሚያዝ ሰው የአዝቴኮችን ቃል ይጠራል። ይህ ብቻም አይደለም። ናዋትሉ «ቶማትል» በስፔኖች አፍ «ቶማቴ»፣ በዐረቦች አፍ «ጠማጢም» ሆኖ፣ በመጨረሻ «ቲማቲም» ተብሎ የሐበሻ ጓዳ ገባ። የጾም ቀን ቲማቲም በቃሪያ የሚቆርጥ ሁሉ ይህን ረጅም መንገድ በአንድ ቃል ይዞታል።

የጌሙ ስም ሁለተኛ ግማሽ ፈረንሳይኛ ነው። «ሜሌ» የብዙ ሰው የእጅ በእጅ ግጥሚያ ነው፤ የወጣውም «መደባለቅ» ከሚል ቃል ነው፤ ሥሩ ላቲን ነው። አማርኛም ይህንኑ መንገድ በራሱ ሄዷል። «ደባለቀ» ብለን ምግብ እናዘጋጃለን፤ ጠብ ሲነሣና ማን ማንን እንደሚመታ ሲጠፋ ደግሞ «ድብልቅልቁ ወጣ» እንላለን። ስለዚህ በጌሙ ስም ውስጥ ማባያውም ድብድቡም የድብልቅ ውጤቶች ናቸው፤ ስም አውጪዎቹም በአንድ አናባቢ አገናኟቸው። የእኛ ባለቅኔ ቢሆን ኅብረ ቃል ይለው ነበር፤ ሰሙ ማባያ፣ ወርቁ ፍልሚያ።

ዋን ጭምብል ሲያጠልቅ «ሉቻዶር» ይሆናል፤ ታጋይ። «ሉቻ ሊብሬ»፣ ማለትም ነፃ ትግል፣ በሜክሲኮ እ.ኤ.አ. ከ1933 ጀምሮ ተደራጅቶ የሚካሄድ የሕዝብ ትርኢት ነው። «ሉቻ» በስፔንኛ መድረክ ላይ የሚደረገውንም፣ ለመብት የሚደረገውንም ይጠራል። «ትግል»ም እንዲሁ ነው፤ በመስክ ላይ ተያይዘው የሚጣጣሉ ጎረምሶችም፣ «መሬት ለአራሹ» ብለው የወጡ ተማሪዎችም ታጋዮች ተብለዋል።

ቃል ለሚወድ አንባቢ ከሁሉ የሚበልጠው ግን የሥዕሉ ነገር ነው። «ሥዕል» ከግዕዙ «ሠዐለ» የወጣ ነው፤ በንጉሡ «ሠ»ና በዓይኑ «ዐ» ይጻፋል። በእሳቱ «ሰ»ና በአልፋው «አ» ከተጻፈ «ሰአለ»፣ ለመነ ማለት ይሆናል፤ «ስእለት» የወጣው ከዚህኛው ነው። አማርኛ ሲናገር ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል፤ የሚለያቸው የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን መዝገበ ቃላት የመሰለ ሥራ ነው። ከቶሮንቶ በስተምዕራብ ኦክቪል የተወለደውና በመስከረም 2010 ዓ.ም. የወጣው «ካፕሄድ» የተባለ ጌም ይህን «ሠዐለ» በሙሉ ትርጉሙ ፈጽሞታል፤ የገጸ ባሕርያቱ እያንዳንዱ እንቅስቃሴ በእጅ፣ ወረቀት ላይ ተሥሏል። የማይንቀሳቀሱ ሥዕሎች ተከታትለው ሲያልፉ የሚሆነው «አኒሜሽን» ነው፤ በላቲን «አኒማ» ነፍስና እስትንፋስ ነው። የእኛ «ነፍስ»ም ከ«ነፈሰ» ጋር አንድ ሥር ነው፤ «ነፋስ»ና «እስትንፋስ» ወንድሞቹ ናቸው። እንግዲህ አኒሜተር በአማርኛ ነፍስ ዘሪ ነው ቢባል ትርጉሙ ከሥሩ አይርቅም፤ ሞቶ ለተመለሰው ለዋን ደግሞ ልኩ ነው።

ጓካሜሌ የተሠራበት ከተማ ራሱ በነባር ሕዝብ ቃል ይጠራል። «ትካሮንቶ» በሞሃውኮች ቋንቋ ዛፎች ውሃ ውስጥ የቆሙበት ቦታ ማለት ነው፤ መጀመሪያ የተጠራበትም ስፍራ ከዛሬው ከተማ በስተሰሜን ሲምኮ ሐይቅ አጠገብ ነበር። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1793 ከተማውን «ዮርክ» ብለውት ነበር፤ በ1834 ግን «ቶሮንቶ» ተብሎ ወደ ነባሩ ስም ተመለሰ።

ይህን የምጽፈው ለቃላቱ ጉጉት ብቻ አይደለም። የጓካሜሌ ሠሪዎች ዋንን ጆን አላሉትም፤ አጉዋካቴንም አልተረጎሙትም፤ ስሙን ሰምቶ የማያውቅ ተጫዋችም ስሙን ለመደው። እኛም በራሳችን ቃል መሰየም ጀምረናል። ጓካሜሌ ውስጥ ተጫዋቹ «ፖዮ»፣ ዶሮ ሆኖ ይሮጣል፤ የአዲስ አበባው ቅኔ ጌምስም የምትሮጥ ዶሮ ጌም ሠርቶ በአውራ ዶሮ ጩኸትና በልጆች ድብብቆሽ ስም «ኩኩሉ» ብሏታል። ይህ ትክክለኛ መንገድ ነው። በቶሮንቶ ዳንፎርዝ ጎዳና አካባቢም ሆነ በአዲስ አበባ፣ ጌም የሚሥሉ የሐበሻ ልጆች ለሥራቸው ስም ሲያወጡ መጀመሪያ የሚገልጡት መዝገበ ቃላት የእናታቸው ቋንቋ ይሁን፤ ወላጆችም ቃሉን ከነትርጉሙ ይስጧቸው።